ውሃ ልክ

መሪው ያንተ ይሁን፣ ይመር፣ ፍሬኑም ማርሹም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐረጎን ስትወጣ እኔ አልተናገርሁም።
ፍሪጁ ግን የኔ ነው፤
ከበሩ ማጠፊያ እስከ ማብሪያው ድረስ
ያለኔ ፈቃድ ጣትህ እንዳይደርስ።

ጡረታ ስትወጣ የገዛኸው ኮስትር፣
ወንበር ነቃቅለህ አልጋ ስትደረድር፣
መጋረጃ ስትሰቅል፣ ምድጃ ስትገጥም፣
እኔ ካንድ ነገር በቀር አልለመንሁህም፦
ለኢንሱሊኔ የሚሆን አንዲት ጥግ ስጠኝ፣
ከሁለት ዲግሪ ወርዳ እንዳታስደነግጠኝ፣
ከስምንትም አልፋ
በኮምቦልቻ ሙቀት ጉልበቱ እንዳይጠፋ።

ሦስት አፍ አላት ይህች ነጭ ሣጥን፤
ባንዱ ስትጎርስ ሁለቱን መክደን።
ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ አትቀምስም፤
ያለ ሰዓቱ ካጎረስሃት አኩርፋ እሺ አትልም።

ሞተር ሲሄድ ባትሪ።
ከቦርከና ድልድይ ጦሳን እስክናየው ዲናሞው ያብላት፤
ቁልፉን እንዳጠፋህ ወዲያው ንቀላት።
ሐርቡ ያደርነውን ረሳኸው መሰለኝ፤
"ትንሽ ትቆይ" ብለህ፣ እኔን እንቅልፍ ጣለኝ፣
ጎሕ ሲቀድ ቁልፉ "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ፤
የሐርቡ ጎረምሳ እየገፋን ሳቀ፣ እየሳቀ ዘለለ።

መብራት ከተገኘ መብራት።
የእህትህ ልጅ ሙሒባ፣ በርበሬ ወንዝ ማዶ፣
በመስኮቷ በኩል ሽቦ አቀበለችኝ፤
ለቆጣሪው ብሰጣት "ብርሽን ያዢ" አለችኝ።
መብራት አይሸትም፣ አይጮህም፣ አይወደድም፤
መምጣቱን ያውቃል እንጂ ሲሄድ አያስፈቅድም።

ጋዝ ለቆመ ሰው ነው።
ማደያ ስትገባ አስቀድመህ አጥፋት፤
ስትለኩሳት ደግሞ መስኮቱን ገርበብ አርገው፣ ትንፋሽ እንዳትነፍጋት።
በቀዳዳዋ እያት፦ ሰማያዊ ከሆነች ደኅና፤
ቢጫ ካየህ ጥቀርሻ ነው፣ ጥረጋት እንደገና።
ደሴ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፤
እሳትም እንዳንተ ዳገት ላይ ያለከልካል።

ያን ሌሊት ግን፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከዳገቱ ጥግ ቆመን፣
መብራት ሄደ። ወደ ጋዙ ዞርን።
ሰማያዊ እሳት፣ ንጹሕ እንደ በዓል ቀሚስ፤
ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠኝ። ቆይቶም አሥር ሲደርስ
"ሞተር ላስነሳ" አልህ፣ "እስኪነጋ ይጩህ"።
"ናፍጣ ለመጨረስ? ቁጭ በል፣ ምን ያጣድፍህ?"
የሻይ ብርጭቆ ሞልቼ ፍሪጁ ላይ አኖርሁ፤
ውሃው ባንድ ጎን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ አየሁ።
"ይኸውልህ፤ ጋዝ የምትበላ ሣጥን መንጋደድ አትወድም፣
ተንጋዳ የበላችው አይወርድላትም።"

ወጣህ፣ በጋቢህ፣ በስልክህ ብርሃን።
ግራ ጎማ ሥር ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ሌላ ድንጋይ፤
ውሻው ሁሉ ተነሣ፣ አንዲት ሴት በመስኮት "ማነህ አንተ?" ስትል ስታይ፣
"ባለቤቴ ናት ያዘዘችኝ" አልሃት።
ትንሽ ነድተህ ወጣህበት፤ ወርደህ ጠየቅኸኝ፦
"ልክ ነው?"
"ገና።"
አንድ ጠፍጣፋ ጨመርህ።
"አሁንስ?"
"ገና፣ ወደ ኋላ ትንሽ።"
"ልክ ነው?"
አጎንብሼ አየሁት፤ ውሃው ዙሪያውን እኩል ነበር።
"ልክ።"

ሊነጋጋ ሲል ስምንት። ከዚያ ሰባት። ከዚያ ስድስት።
ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር፣
መንገድ ሳሳይህ፣ ዋጋ ስነግርህ፣ ሰው ስመክርህ፣
"ልክ ነሽ" ብለኸኝ አታውቅም።
ያን ሌሊት ጉልበትህ ጭቃ፣ ጋቢህ ጭቃ፣
ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኝ።

ውሃውን አልደፋሁትም።
ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ
ጠጣሁት።